የተውባ ሰላትና የጭንቅ ጊዜ ዱዓ፦ ከውዱዕ እስከ ሰው ሐቅ

ነብዩ ዩኑስ (ዐ.ሰ) በዓሣው ሆድ ውስጥ ሆነው ያደረጉት ዱዓ (ወደ አላህ የሚቀርብ ጸሎት) ልመና የለበትም። «ላ ኢላሀ ኢላ አንተ ሱብሓነከ ኢኒ ኩንቱ ሚነዝ-ዟሊሚን»፤ ከአንተ በቀር አምላክ የለም፣ ጥራት ይገባህ፣ እኔ ከበዳዮች ሆኛለሁ። «አውጣኝ» አላሉም፣ «ጨነቀኝ»ም አላሉም። የአላህን አንድነት መሰከሩ፣ ከጉድለት ሁሉ የጠራ መሆኑን ተናገሩ፣ ጥፋታቸውን አመኑ። በሱረቱል አንቢያእ ቁጥር 88 የተሰጣቸው መልስ ግን ከጭንቅ መውጣት ነበር፤ አንቀጹም «እንደዚሁም ምእመናንን እናድናለን» ብሎ በሩን ለሁላችንም ይከፍታል። ነብዩ ኑሕም (ዐ.ሰ) ሕዝባቸውን «ጌታችሁን ምሕረትን ለምኑት» ካሉ በኋላ ነው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሀብቱና ስለ ልጆቹ የነገሯቸው (ሱረቱ ኑሕ ከ10 እስከ 12)።

ስለዚህ ተውባን (ተጸጽቶ ወደ አላህ መመለስን) እና ከጭንቅ መገላገልን ለያይቶ ማስተማር አይመቸኝም። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ መስገጃ ላይ፣ በሁለት ረከዓ (የሰላት ዙር) ሊከናወኑ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው አካሄድ ከመነሻው እስከ መጨረሻው የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። አንዱ ደረጃ ብቻ ቀናት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። እሱን ስንደርስበት በሰፊው እናየዋለን፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። የደረሰብዎ ጭንቅ ሁሉ የኃጢአት ቅጣት ነው ማለት አይደለም። ነብዩ አዩብ (ዐ.ሰ) ታመዋል፣ ነብዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ሐዘን ዐይናቸው ጠፍቷል፤ ሁለቱም ነብያት ናቸው። ልጁ የታመመበትን አባት «ምን አጥፍተህ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ዕውቀት አይደለም፣ ጭካኔ ነው። ተውባ የሚደረገው ሁላችንም ጥፋት ስላለብንና የአላህ እዝነት በዚያ በር ስለሚገባ ነው እንጂ፣ መከራው ከየትኛው ኃጢአት እንደመጣ ለመመርመር አይደለም።

የሚያስፈልግዎ

ውሃ፣ ንጹሕ ቦታ፣ ጥቂት ጸጥታ። ሌላ የለም። የሚከፈል ገንዘብ የለም፣ በመካከል የሚቆም ሰው የለም፣ ኃጢአትዎን የሚሰማ ሸይኽም አያስፈልግም። በስልክ የሚዘዋወሩትን «ይህን ዱዓ ለ7 ሌሊት 1000 ጊዜ ያለ ዕዳው ይሰረዛል፣ ለ20 ሰው ያላስተላለፈ ግን መከራ ያገኘዋል» የሚሉ መልእክቶች ደግሞ ያጥፏቸው። ዱዓን በማስፈራሪያ የሚያስተላልፍ ሰው ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተማረው አይደለም።

አንደኛ፦ ነገሩን ያቁሙ

ሊቁ ኢማም ነወዊ የዑለሞችን (የሃይማኖት ሊቃውንትን) ቃል ሲያጠቃልሉ ለተውባ ሦስት ሸርጦችን (መስፈርቶችን) ያስቀምጣሉ፤ ከኃጢአቱ መላቀቅ፣ በሠሩት መጸጸት፣ ዳግም ወደ እሱ ላለመመለስ መቁረጥ። ኃጢአቱ የሰው ሐቅ (መብት ወይም ንብረት) ያለበት ከሆነ አራተኛ ይጨመራል፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ። ሰላቱ ከነዚህ አንዱ አይደለም። ሰላቱ ተውባውን የሚያደምቅና ልብን የሚሰበስብ ነው፤ ያልተቋረጠን ነገር ግን አይሸፍንም።

ስለዚህ ከውዱዕ (ለሰላት ከሚደረገው መታጠብ) በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ቁጥሩን ከስልክዎ ይሰርዙ። ዕቃውን ከቤትዎ ያውጡ። የወለድ ውል ለመፈረም ለነገ ቀጠሮ ካለዎት ዛሬ ይሰርዙት። «ከሰገድኩ በኋላ አደርገዋለሁ» ማለት ነፍስን ማባበል ነው። በሌላ በኩል፣ ብዙ ጥፋት ያለበት ሰው «ሁሉንም በአንድ ቀን መተው ካልቻልኩ ምን ዋጋ አለው?» ብሎ ይቀመጣል። ይህም ስሕተት ነው። ከአንዱ ኃጢአት ተመልሶ ከሌላው ገና ያልተላቀቀ ሰው፣ ለተመለሰበት ተውባው ተቀባይነት እንዳለው፣ የቀረው ግን እንደሚቀርበት ኢማም ነወዊ እዚያው ላይ ጽፈዋል። ከሚችሉት ይጀምሩ።

ሁለተኛ፦ ሰዓቱን ይምረጡ

ተውባ ቀጠሮ አይሰጠውም፤ ኃጢአቱ እንደተሠራ ወዲያው ነው። ሰላቱን ግን በሰዓት ማስዋብ ይቻላል። በቡኻሪና በሙስሊም (በሁለቱ ታላላቅ የሐዲስ ስብስቦች) በተዘገበው ሐዲስ (የነብዩ ንግግር) ጌታችን በሌሊቱ የመጨረሻ ሲሶ «የሚለምነኝ ማን ነው ልስጠው? ምሕረት የሚጠይቀኝ ማን ነው ልማረው?» ይላል። ሲሶውን ማስላት ቀላል ነው። ከመግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ) እስከ ፈጅር (ጎሕ ሲቀድ) ያለውን ጊዜ ለሦስት ያካፍሉ። መግሪብ ከምሽቱ 12:30፣ ፈጅር ከሌሊቱ 11:00 ቢሆን ሌሊቱ 10 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነው፤ አንዱ ሲሶ 3 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይሆናል፤ የመጨረሻው ሲሶ ከሌሊቱ 7:30 ላይ ይጀምራል። በአገራችን ይህ ከወር ወር ብዙ አይለዋወጥም። በአውሮፓና በአሜሪካ ያላችሁ ግን ክረምትና በጋው እጅግ ስለሚለያይ በየጊዜው ማስላት አለባችሁ፤ በበጋ ሲሶው ከሁለት ሰዓት ሊያንስ ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ መቆም አይጠበቅብዎትም። ፈጅር ሊገባ 40 ደቂቃ ሲቀረው የሚጮህ ማንቂያ ይበቃል።

ሦስት ጊዜያት ላይ ይጠንቀቁ፤ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ፀሐይ ወጥታ ከፍ እስክትል፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ከአስር ሰላት በኋላ እስክትጠልቅ። በእነዚህ ጊዜያት ሱና (ግዴታ ያልሆነ ሰላት) መስገድ ተከልክሏል። ከሕግ መንገዶቹ (ከመዝሀቦቹ) ሻፊዒያዎች ምክንያት ላላቸው ሰላቶች ይፈቅዳሉ፣ ሐነፊያዎች ግን አይፈቅዱም፤ እርስዎ በሚከተሉት ይሂዱ። የሚያከራክር ሰዓት ላይ ከሆኑ አሁን በምላስዎ «አስተግፊሩላህ» እያሉ ይቆዩና ሰዓቱ ሲፈቅድ ይስገዱ። በወር አበባ ላይ ያለች እህት ሰላቱን አትሰግድም፤ ዱዓው፣ ዚክሩና (አላህን ማውሳቱና) ኢስቲግፋሩ (ምሕረት መጠየቁ) ግን አንዱም አይቀርባትም።

ሦስተኛ፦ ውዱዕ

ትጥበት የሚያስፈልገው ጀናባ (ከግብረ ሥጋ ወይም ከዘር ፈሳሽ በኋላ ያለ ሁኔታ) ካለብዎ መጀመሪያ ገላዎን ይታጠቡ። ከሌለብዎ «ቢስሚላህ» ብለው እጅዎን፣ አፍዎን፣ አፍንጫዎን፣ ፊትዎን፣ ክንድዎን እስከ ክርኑ ይጠቡ፤ ራስዎንና ጆሮዎን ያብሱ፤ እግርዎን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይጠቡ። ይህን ያውቁታል። የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አይቸኩሉ። በሙስሊም ዘገባ አማኙ ፊቱን ሲታጠብ በዐይኑ ያየው ኃጢአት፣ እጁን ሲታጠብ በእጁ የሠራው፣ እግሩን ሲታጠብ የተራመደበት ከውሃው ጋር ይወርዳል። ስለዚህ እያንዳንዱን አካል ሲያጥቡ ያ አካል ምን እንደሠራ ያስታውሱ። ተውባው በርግጥ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሲጨርሱ ሸሃዳውን (የእምነት ምስክርነቱን) ይበሉና «አላሁመጅዐልኒ ሚነት-ተዋቢን፣ ወጅዐልኒ ሚነል ሙተጠሂሪን» ይበሉ፤ አላህ ሆይ፣ ከተመላሾችና ከሚጥራሩት አድርገኝ ማለት ነው።

አራተኛ፦ ሁለቱ ረከዓ

ማስረጃው ዐሊ (ረ.ዐ) ከአቡበክር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኃጢአት የሠራ ሰው ተነሥቶ ቢጥራራ፣ ቢሰግድና አላህን ምሕረት ቢለምን አላህ ይምረዋል ብለው፣ ከሱረቱ ኣሊ ዒምራን 135ኛውን አንቀጽ አነበቡ። ቲርሚዚና አቡ ዳውድ ዘግበውታል።

ኒያው (የሥራው ሐሳብ) በልብ ነው፤ የተውባ ሁለት ረከዓ መስገድዎን ማወቅዎ በቂ ነው። ከዚያ እንደማንኛውም ሱና ሰላት ነው። በየረከዓው ፋቲሓና አንድ ሱራ ይቀሩ። «በመጀመሪያው ረከዓ ይህን ሱራ ይህን ያህል ጊዜ» የሚል ነገር ሐዲሱ ውስጥ የለም፤ በደንብ የሚያውቁትን ይቅሩ፣ ትርጉሙን የሚያውቁት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ሩኩዑን (ማጎንበሱን)፣ ቀጥ ማለቱን፣ ሱጁዱን (በግንባር መደፋቱን) ያረጋጉ።

ሱጁድ ላይ ይቆዩ። ባሪያ ለጌታው ከምንጊዜውም የሚቀርበው ሱጁድ ላይ ሳለ ነውና ዱዓ አብዙ ብለዋል ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ)። «ሱብሓነ ረቢየል አዕላ» ካሉ በኋላ እሳቸው በሱጁድ ይሉት የነበረውን ይበሉ፦

«አላሁመግፊር ሊ ዘንቢ ኩለሁ፣ ዲቀሁ ወጂለሁ፣ ወአወለሁ ወአኺረሁ፣ ወዐላኒየተሁ ወሲረሁ።»

አላህ ሆይ፣ ኃጢአቴን ሁሉ ማርልኝ፤ ጥቃቅኑንም ትልቁንም፣ የፊቱንም የኋላውንም፣ ግልጹንም ስውሩንም። ከዚህ ዱዓ የሚያመልጥ ጥፋት የለም፤ የረሱትን እንኳ ይጠቀልለዋል።

በመጨረሻው መቀመጥ ከሚባሉት አተሕያቱና ሰለዋት (በነብዩ ላይ ከሚወርደው ዱዓ) በኋላ፣ ሳያሰላምቱ (ሰላቱን በሰላምታ ሳይዘጉ)፣ አቡበክር (ረ.ዐ) «በሰላቴ ውስጥ የምለው ዱዓ አስተምሩኝ» ብለው የተሰጣቸውን ያድርሱ፦

«አላሁመ ኢኒ ዘለምቱ ነፍሲ ዙልመን ከሲራ፣ ወላ የግፊሩዝ-ዙኑበ ኢላ አንተ፣ ፈግፊር ሊ መግፊረተን ሚን ዒንዲክ፣ ወርሐምኒ፣ ኢነከ አንተል ገፉሩር-ረሒም።»

አላህ ሆይ፣ ነፍሴን ብዙ በደልኩ፣ ኃጢአትን ከአንተ በቀር የሚምር የለም፤ ከአንተ ዘንድ የሆነን ምሕረት ማረኝ፣ እዘንልኝ፣ አንተ መሓሪ አዛኝ ነህና። ይህ ዱዓ የተሰጠው ለአቡበክር መሆኑን ልብ ይበሉ። እሳቸው «ነፍሴን ብዙ በደልኩ» እያሉ ከሰገዱ እኛ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

አረብኛውን በግዕዝ ፊደል የጻፍኩት ለማስታወሻ ያህል ነው። ፊደላችን ሁሉንም ድምፅ አይሸከምም፤ አንድ ጊዜ አሳምሮ ከሚቀራ ሰው አፍ ሰምተው ያስተካክሉት።

አምስተኛ፦ ከተሰላመተ በኋላ

አይነሡ። እጅዎን ያንሡና በአላህ ምስጋና ይጀምሩ፣ በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ያውርዱ። አንድ ሰው ይህን ዘልሎ ቀጥታ ወደ ልመናው ሲገባ የሰሙት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ይህ ቸኮለ» ብለዋል። ከዚያ የኢስቲግፋሮች አለቃ የተባለውን፣ ሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትንና ቡኻሪ የዘገበውን ይበሉ፦

«አላሁመ አንተ ረቢ ላ ኢላሀ ኢላ አንት፣ ኸለቅተኒ ወአነ ዐብዱክ፣ ወአነ ዐላ ዐህዲከ ወወዕዲከ መስተጠዕት፣ አዑዙ ቢከ ሚን ሸሪ ማ ሰነዕት፣ አቡኡ ለከ ቢኒዕመቲከ ዐለይ፣ ወአቡኡ ቢዘንቢ፣ ፈግፊር ሊ፣ ፈኢነሁ ላ የግፊሩዝ-ዙኑበ ኢላ አንት።»

አላህ ሆይ፣ አንተ ጌታዬ ነህ፣ ከአንተ በቀር አምላክ የለም። ፈጠርከኝ፣ እኔም ባሪያህ ነኝ። በቻልኩት ያህል በቃል ኪዳንህ ላይ ነኝ። ከሠራሁት ክፋት በአንተ እጠበቃለሁ። የዋልክልኝን ጸጋ አምናለሁ፣ ኃጢአቴንም አምናለሁ፤ ማረኝ፣ ኃጢአትን ከአንተ በቀር የሚምር የለምና። ይህን በእርግጠኝነት ቀን ብሎት ሳይመሽ የሞተ፣ ሌሊት ብሎት ሳይነጋ የሞተ ከጀነት ሰዎች ነው ይላል ሐዲሱ።

አሁን በራስዎ ቋንቋ ይናገሩ። በአማርኛም ቢሆን፣ በኦሮምኛም ቢሆን፣ በስልጢኛም ቢሆን ያው አላህ ይሰማዋል። የሠሩትን በስሙ ይጥሩት። «ያጠፋሁትን ማርልኝ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ነገር ግን «በእገሌ ላይ በሐሰት መስክሬያለሁ» ማለት ልብን የሚሰብረው በሌላ መጠን ነው። ድምፅዎን ግን ዝቅ ያድርጉ። አጠገብዎ የተኛ ሰው መስማት የለበትም፤ ነገ ለጓደኛ ማውራትም የለብዎትም። አላህ የሸፈነለትን ሌሊት አልፎ ሲነጋ «ትናንት እንዲህ አደረግኩ» እያለ የሚያወራ ሰው ከይቅርታው ውጪ እንደሚቀር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

ስድስተኛ፦ የጭንቁ ዱዓ

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ነገር ሲከብዳቸው ወደ ሰላት ይሮጡ እንደነበር ሑዘይፋ (ረ.ዐ) ተናግረዋል። ስለዚህ እርስዎ አሁን ግማሹን መንገድ ሄደዋል። የቀረው ጭንቅዎን መንገር ነው።

ብዙ ዱዓዎች አሉ፤ ሁሉንም በአንድ ሌሊት ለመሸምደድ አይሞክሩ። እንደ ጭንቅዎ ዓይነት አንዱን ይያዙ። ድንገተኛ ነገር ሲያንቅዎ፣ ደረትዎ ሲጠብ፣ የሆስፒታል ወይም የፍርድ ቤት በር ላይ ሲቆሙ፣ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም የተስማሙበት ይህ ነው፦

«ላ ኢላሀ ኢለላሁል ዐዚሙል ሐሊም፣ ላ ኢላሀ ኢለላሁ ረቡል ዐርሺል ዐዚም፣ ላ ኢላሀ ኢለላሁ ረቡስ-ሰማዋቲ ወረቡል አርዲ ወረቡል ዐርሺል ከሪም።»

ከታላቁና ከታጋሹ አላህ በቀር አምላክ የለም፤ የታላቁ ዐርሽ ጌታ ከሆነው አላህ በቀር አምላክ የለም፤ የሰማያት፣ የምድርና የክቡሩ ዐርሽ ጌታ ከሆነው አላህ በቀር አምላክ የለም። እዚህም እንደ ዩኑስ ዱዓ ልመና የለም። የጌታን ታላቅነት የሚያስብ ሰው የራሱ ጭንቅ መጠኑን ይይዛል።

ቀስ ብሎ የሚበላ ሐሳብ፣ በተለይም ዕዳ ላለበት፣ አነስ (ረ.ዐ) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያበዙት የሰሙት አለ፦

«አላሁመ ኢኒ አዑዙ ቢከ ሚነል ሀሚ ወልሐዘን፣ ወልዐጅዚ ወልከሰል፣ ወልቡኽሊ ወልጁብን፣ ወደለዒድ-ደይኒ ወገለበቲር-ሪጃል።»

ከሐሳብና ከሐዘን፣ ከአቅመ ቢስነትና ከስንፍና፣ ከንፉግነትና ከፍርሃት፣ ከዕዳ ጫናና ከሰዎች አሸናፊነት መጠበቅን ይጠይቃል። ስንፍና ከሐሳብ ጎን ለምን ተቀመጠ? ዕዳ ያሰረውን ሰው ጠይቁት። ሐሳቡ እጁን ያስረዋል፣ የታሰረ እጅ ዕዳውን ያበዛዋል። ይህን ዱዓ የሚያደርግ ሰው በማግሥቱ ሥራ ለመፈለግ መውጣቱ የዱዓው ክፍል ነው።

ሰው ለሞተበት ወይም ንብረት ለጠፋበት ደግሞ የኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ዱዓ አለ፤ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፣ አላሁመ አጁርኒ ፊ ሙሲበቲ ወአኽሊፍ ሊ ኸይረን ሚንሃ»፤ በመከራዬ ምንዳ ስጠኝ፣ ከእርሱ የተሻለም ተካልኝ።

የእነዚህ ዱዓዎች ቁጥር አልተወሰነም። ለኢስቲግፋር የተነገሩ ቁጥሮች አሉ፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቀን ከ70 ጊዜ በላይ፣ በሌላ ዘገባ 100 ጊዜ ምሕረት ይጠይቁ ነበር። እሱን በመንገድ፣ በታክሲ ውስጥ፣ ቡና እየቆሉ ማድረግ ይቻላል። «ለመንኩ፣ አልተሰጠኝም» እስካላሉ ድረስ መልሱ እንደሚመጣ በሐዲስ ተነግሯል፤ ስለዚህ ጧት ተነሥተው የስልክዎን መልእክት በማየት የትናንት ዱዓዎን አይፈትኑት።

ሰባተኛ፦ የሰው ሐቅ

በአላህና በባሪያው መካከል ያለው ጥፋት እስካሁን ባልነው ያልቃል፤ ያልተሰገዱ ፈርዶችና (የግዴታ ሰላቶችና) ያልተጾሙ ቀናት ካሉ ቀዷ ማውጣት (ያለፈውን መክፈል)፣ የፈረሰ መሐላ ካለ 10 ሚስኪኖችን ማብላት ወይም ማልበስ፣ ካልቻሉ 3 ቀን መጾም ይጨመራል። የሰው ሐቅ ግን በእንባ አይታጠብም። በሙስሊም ዘገባ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኡመታቸውን ከሳሪ ሲገልጹ፣ ሰላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ የመጣ ነገር ግን ይህን የሰደበ፣ የዚያን ገንዘብ የበላ፣ ሌላውን የመታ ሰው ነው ብለዋል። መልካም ሥራው ለእነሱ ይከፋፈላል፣ ሲያልቅ የእነሱ ኃጢአት እሱ ላይ ይጫናል።

ወረቀት ይውሰዱ። የሰው ስምና የያዙበትን ነገር ይጻፉ። ገንዘብ ከሆነ መመለስ ነው። ባለቤቱ ሞቶ ከሆነ ለወራሾቹ። ፈልገው ፈልገው ካጡት በእሱ ስም ሰደቃ ይስጡት፤ አንድ ቀን ቢመጣ ግን ምርጫው የእሱ ነው። ከአሠሪዎ መሳቢያ የወሰዱትን ብር «ሰርቄ ነበር» ብለው መናዘዝ ግዴታ አይደለም፤ በባንክ ሒሳቡ ማስገባት ወይም በሚያውቁት መንገድ እንዲደርሰው ማድረግ ሐቁን ያወጣል። አቅም ከሌለዎት መጠኑን ይጻፉ፣ በየወሩ የሚችሉትን ያውጡ፣ ለቤተሰብዎ ኑዛዜ ያድርጉበት። ይህ ነው ዓመታት የሚወስደው ያልኩት።

ሐሜት ከባድ ነው፤ ምክንያቱም መመለሻው ግልጽ አይደለም። ከዑለሞች መካከል ሄዶ «አውፍ በለኝ» ማለት ግድ ነው ያሉ አሉ። ኢብኑ ተይሚያና ተማሪያቸው ኢብኑል ቀዪም ደግሞ ሰውየው ያልሰማው ከሆነ መንገሩ አዲስ ቁስል ስለሚፈጥር፣ ዱዓ ማድረግና ባሙበት ስብሰባ ላይ በመልካም ማንሣት ይበቃል ይላሉ። እኔ የሁለተኛው ሚዛን ይደፋብኛል። ባልና ሚስትን ሊያፋታ የሚችል ወሬ «ተውባ ልግባ» ተብሎ ጆሮ ላይ አይጣልም። ሰምቶ የተጣላዎት ሰው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ሽማግሌ ይዘውም ቢሆን ይሂዱ፣ «አውፍ በለኝ» ይበሉ፣ ሰበብ አይደርድሩ። «እኔም ተሳስቻለሁ፣ አንተም ግን...» የሚለው ሁለተኛው ግማሽ የመጀመሪያውን ያፈርሰዋል።

በዓረብ አገሮች በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ለዚህ ሁሉ ጊዜም ቦታም የላችሁ ይሆናል። ሁለቱ ረከዓ በኩሽና ጥግ አምስት ደቂቃ ነው፤ እሱም ካልተቻለ ሰሐን እያጠቡ የዩኑስን ዱዓ ማለት የሚከለክል የለም። ደመወዝ የተከለከለችና የተበደለች ደግሞ የተበዳይ ዱዓ በእሱና በአላህ መካከል ግርዶ እንደሌለው ትወቅ። ይህ ማለት ዝም ብላ ትቀመጥ ማለት አይደለም፤ የሥራ ውሏን ትያዝ፣ ለምታምነው ሰው ትናገር፣ ሐቋን በሕግ ትጠይቅ። ሐቅን መጠየቅ ከትዕግሥት ጋር አይጣላም።

ከዚያ በኋላስ?

ወደ ጥፋቱ ቢመለሱ ደግመው ይስገዱ። ከቡኻሪና ከሙስሊም በተገኘ ሐዲሰል ቁድሲ (ነብዩ የአላህን ቃል በሚያስተላልፉበት ሐዲስ) ባሪያው አጥፍቶ «ማረኝ» ይላል፣ ይማራል፣ ደግሞ ያጠፋል፣ ደግሞ ይማራል፤ ኃጢአትን የሚምርና በኃጢአት የሚይዝ ጌታ እንዳለው አውቋልና። የመጀመሪያው ተውባ እውነተኛ ከነበረ አይፈርስም። «ውዱዔ ትክክል አልነበረም ይሆን፣ ኒያዬ ጎድሎ ይሆን» እያሉ ሁለቱን ረከዓ ደጋግሞ መስገድ ግን ወስዋስ (የሚያውክ ጥርጣሬ) ነው፤ አንዴ ሰግደዋል፣ ይተውት።

እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብ ካልወረደ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ሐኪም ጋር ይሂዱ። አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ አላወረደም የሚለው ሐዲስ ለሆድ ቁርጠት ብቻ የተነገረ አይደለም። ሐኪም ቤት መሄድ የኢማን ጉድለት ነው የሚል ሰው ካለ አይስሙት።

መልሱ ሲዘገይ ምን እንደሚደረግ ለማወቅ የነብዩን ባልደረባ የከዕብ ኢብኑ ማሊክን (ረ.ዐ) ታሪክ ያንብቡ፤ ቡኻሪ ከራሳቸው አንደበት ረዘም አድርጎ ዘግቦታል። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ከተቡክ ዘመቻ ያለ ምክንያት ቀሩ። 80 ያህል ሰዎች ሰበብ እየፈጠሩ ሲያልፉ፣ እሳቸውና ሁለት ጓደኞቻቸው እውነቱን ተናገሩ። ቅጣቱም በእነሱ ላይ ሆነ፤ ለ50 ሌሊት ማንም አላነጋገራቸውም። ከዕብ ገበያ ይወጣሉ፣ መስጂድ ይሰግዳሉ፣ ሰላምታ ያቀርባሉ፤ የሚመልስ የለም። የገሳን ንጉሥ «ወደ እኛ ና» የሚል ደብዳቤ ላከላቸው፤ ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። በ50ኛው ሌሊት ማለዳ በቤታቸው ጣሪያ ላይ ሱብሒን ሰግደው ሳለ ከሰልዕ ተራራ ላይ «ከዕብ ሆይ፣ ተበሰር!» የሚል ድምፅ ሰሙ። እዚያው ሱጁድ ወረዱ። ምድር በስፋቷ ጠበበችባቸው፣ ነፍሶቻቸውም ጠበቡባቸው የሚለው የሱረቱ ተውባ 118ኛ አንቀጽ ስለ እነሱ የወረደ ነው። በእነዚያ ሌሊቶች ሰላት አላቋረጡም፣ ከአላህ ሌላ በርም አላንኳኩም።

እርስዎም ጭንቁ ሲፈታ ከሰሙበት ቦታ ላይ ወደ ቂብላ ዞረው አንድ ሱጁድ ያድርጉ፤ ሱጁዱ-ሹክር ይባላል። ሱጁድ ላይ እንደ ሰላት ሱጁድ ተስቢሕ ይበሉና ያመስግኑ። ውዱዕ ስለመኖሩ ዑለሞች ተለያይተዋል፤ ካለዎት መልካም። ሰደቃም ይስጡ። ከዕብ በደስታቸው ሀብታቸውን ሁሉ ለመስጠት ቢነሡ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከገንዘብህ ጥቂት አስቀር፣ እሱ ለአንተ ይሻላል አሏቸው፤ እሳቸውም የኸይበሩን ድርሻቸውን አስቀሩ። የሚሰጡት ከልጆችዎ ወጪና ከሰባተኛው ደረጃ ወረቀት ላይ ከጻፉት ዕዳ የተረፈው ይሁን።